አንገቴ ላይ ያለው ሰውዬ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከጻፈው ሁሉ ትልቁ፣ ከምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ወጣ ስል በሩ ላይ የምለጥፋት «መጣሁ» የምትል ወረቀት ናት። እሷንም የጻፍኋት አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያችኑ እያነሡ መለጠፍ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ደንበኛ ሲያናግረኝ ጨርቁን እያየሁ ነው የምመልሰው። ይህን የምጽፈው ስለምችል ሳይሆን፣ በአፌ ጠይቄው መልስ የሚሰጠኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ሰሞን ማተቤ ስለተበጠሰ ነው። የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ለመስፋት ወደ መኪናው ጎንበስ ስል ክሩ ከአንድ ነገር ጋር ተያያዘ መሰለኝ፣ ቀና ስል ተበጠሰና አብሮት ታስሮ የኖረው አሮጌ ሳንቲም ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ተንከባለለ፣ ከመኪናው መርገጫ ሥር ገባ፣ እዚያ ዞረ ዞረና ተኛ። መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ አቧራና ክር እየጠረግሁ አወጣሁት። ከእጄ ላብ ጋር ሲገናኝ ያ የድሮው ሽታ መጣ፤ ዝናብ ላይ ያደረ ቁልፍ የሚሸተውን የመሰለ ሽታ። ጣቶቼን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጥሁ፣ ልቤ ጋሼ ተካ ቤት በር ላይ ሄዶ ቆመ።

ያኔ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነበር። በተርታ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዷ የእናቴና የእኔ፣ ቀጥሎ ያለችው የጋሼ ተካ። ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ በበሩ ሥር ይገባል፤ ግቢው መሐል የቆመችው የዘይቱን ዛፍ ፍሬዋን ቆርቆሮው ላይ ስትጥል እኛ ልጆቹ ድምፁን ተከትለን እንሯሯጣለን። ጋሼ ተካ ከድሬዳዋ የመጡ የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጃቸው አልማዝ አዲስ አበባ ትማራለች፣ እሳቸው ደግሞ የሞተር ቅባት ከማይለቃቸው ጣቶቻቸውና ከሳንቲሞቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላው ሰው ሽንኩርትና በርበሬ ሊገዛ ገበያ ሲሄድ፣ ጋሼ ተካ አንጥረኞቹ ዘንድ ሄደው በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንጥረኞቹ የድሮውን ብር እያቀለጡ የአንገት መስቀልና ጉትቻ ይሠራሉ፤ እሳቸው ወደ እሳቱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን አንሥተው ገልበጥ አድርገው ያያሉ፣ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው ያሸታሉ፣ አንዳንዱን «ይሄንን ግን ማርልኝ ወንድሜ» ብለው ይገዛሉ። ማርትሬዛ ነበራቸው፤ የነገሥታት ምስል ያለበት ብር ነበራቸው፤ የጣሊያን ሳንቲም ነበራቸው፤ ማንም የማያነበው ጽሕፈት የተጻፈባቸው ጥቃቅን መዳቦችም ነበሯቸው። የሚያስቀምጧቸው በእንቁላል ካርቶን ነው፤ በእያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ ቁራጭ ፍላኔል ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ አንድ ሳንቲም። ሴቶቹ ከቧንቧው ውኃ ሲቀዱ ይቀልዱባቸዋል።

«ጋሼ ተካ፣ ዛሬም አልተፈለፈሉም?»

«ገና እየታቀፍኳቸው ነው። ጫጩት ለማን እንደምሰጥ እኔ አውቃለሁ፤ የሚስቅብኝ አያገኝም።»

ከሳንቲሞቹ ጋር የሰበሰቧቸው አሮጌ ሜዳዮች ደግሞ የቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛው ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰክተው ይንጠለጠሉ ነበር። የአንዱን ሪባን ብል በልቶታል፣ የሌላው አንበሳ ዝጎ ውሻ መስሏል። የማን ደረት ላይ እንደነበሩ እሳቸውም አያውቁም። በጣም ስናስቸግራቸው ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ይሰኩልንና በግቢው ዙሪያ ደረታችንን ነፍተን እንሰለፋለን። ለእኔ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ ማንበብና መጻፍ ላስተማሩ ሰዎች የተሰጠ ነው የሚሉት ነበር፤ እኔ ያኔ ፊደል ገና አልቆጠርሁም። ዛሬ ይህን ስጽፍ ያ ሜዳይ ትዝ እያለኝ ብቻዬን ሣቅሁ።

አንድ ጊዜ ለፋሲካ፣ ጋሼ ተካ የእናቴን የከሰል ምድጃ በነጻ ስለበየዱላት፣ እናቴ ውለታ ልትመልስ አሰበች። እሳቸው ሥራ ውለው ሳይመለሱ፣ ቤቱን ልታጸዳላቸው በተሰጣት ቁልፍ ገብታ፣ አንድ ሙሉ ካርቶን ሳንቲም አውጥታ በአመድና በሎሚ ፈተገችው። እኔ ውኃ አቀብል ነበር። ጥቁሩ ሁሉ ለቀቀ፣ ሁሉም እንደ ሠርግ ቤት ብርጭቆ አበራ፣ እናቴ ሰሌን ላይ ደርድራ በኩራት ጠበቀቻቸው። ጋሼ ተካ መጥተው አዩ። ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አዩ።

«እጅሽን አይመመው፣ እናኑ» አሉ ቀስ ብለው። «አብርተሽልኛል።»

«ምን ድካም አለውና ጋሼ! ያንንም ካርቶን ያምጡት፣ ሎሚው ተርፏል።»

«አይ! አይ . . . ያኛው ለገና ይቆየን።»

ለእኔ ብቻ፣ እናቴ ስትሄድ፣ ዝገቱ የሳንቲም ልብሱ እንደሆነና የተፈተገ ሳንቲም ራቁቱን የቀረ ሽማግሌ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ለእናቴ አንድ፣ ለእኔ ሌላ። ያኔ ልብ አላልሁትም።

አሁን ወደ እኔ ሳንቲም ልምጣ። ከእኔ በፊት እናቴ የወለደቻቸው አላደጉላትም፤ ስሜንም ምትኬ ያለችኝ ለዚያ ነው። እኔ ስወለድ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ያንን ሳንቲም አመጣላት። አያቴ በታንኳ እንጨትና ሰው ከደሴት ወደ ከተማ የሚያመላልስ ሰው ነበር፤ አንድ ያሻገራቸው መነኩሴ «ለልጅህ ልጅ» ብለው ሰጡት፤ ምን እንደሆነ እሳቸውም አልተናገሩም፣ እሱም አልጠየቀም። ጠርዙ ላይ ቀድሞውኑ የተበሳ ነው። ጥቁር ሆኖ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የሰው ራስ አለበት፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ይወጣሉ። እናቴ ጨረሮቹን ስታይ ጊዜ አልፈጀባትም፤ አክሊለ ብርሃን ነው፣ ሰውየው ቅዱስ ነው። ከማተቤ ጋር አሰረችልኝ። አደግሁ። የግቢው እርጉዞች ሳይቀሩ ሲያልፉ እየጠሩኝ ይስሙት ነበር፤ እኔ ዓይን አፋር ስለሆንሁ አንገቴን ሰጥቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ጋሼ ተካ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያዩት ቧንቧው አጠገብ ነው። በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ «እናኑ፣ ልየው?» ብለው አስፈቀዱ። ትንፋሻቸው አገጬን ይሞቀኝ ነበር።

«የሮም ነው» አሉ።

«የሮም ቅዱስ!» አለች እናቴ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ።

ጋሼ ተካ አፋቸውን ከፈቱ፣ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፋቸውን ዘጉ። «አዎ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከካርቶኖቹ በአንዱ መሐል ላይ አንድ ጉድጓድ ባዶዋን ትቀመጥ ጀመር። ጨርቅ አላት፣ ሳንቲም የላትም። ለማን እንደሆነች ብጠይቃቸው «እንግዳ ይመጣል» አሉኝ።

በዚያው ዓመት እናቴ ስለቷን ልታደርስ በጀልባ ዘጌ ወሰደችኝ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በሸንበቆ ወደ ግድግዳው ሥዕል እያመለከቱ ለልጆች ያስረዱ ነበር። «ልብ በሉ፣ ልጆቼ። ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚያያችሁ፤ ሁለት ዓይን አለው። ከሓዲ ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ሰማዕቱን የሚወጋው ወታደር ስንት ዓይን አለው?» ልጆቹ «አንድ!» ብለው ጮኹ። እኔ አልጮኽሁም። እጄ በቀሚሴ ውስጥ ሳንቲሙን ይዟል። ሳላየው አውቀዋለሁ፤ አውራ ጣቴ አፍንጫውን፣ አገጩን፣ ጨረሩን ያውቃል። የእኔ ሰውዬ ወደ ጎን ነው የሚያየው።

ስንመለስ በጀልባው ላይ እናቴ ሐይቁ እንዳያዞረኝ ብላ ሎሚ አሸተተችኝ፤ ያዞረኝ ግን ሐይቁ አልነበረም። ቤት እንደደረስን ወደ ጋሼ ተካ ሮጬ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አየሁ። ማርትሬዛ አንድ ዓይን። ንጉሡ አንድ ዓይን። ጣሊያኑ አንድ ዓይን። ሜዳዮቹም ላይ ያሉት ሰዎች አንድ ዓይን። ሰዎች የሚሳሳሙበት፣ የሚጣሉበት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ገንዘብ ሁሉ ላይ ከሓዲ ነው ያለው? መሪጌታውስ ይህን ያውቃሉ? ወደ መስተዋቱ ሄጄ ወደ ጎን ዞርሁና በዓይኔ ጥግ ራሴን አየሁት። እኔም አንድ ዓይን ነበርሁ።

«ጋሼ» አልሁ፣ በሕይወቴ ደፍሬ ከጠየቅኋቸው ጥቂት ጥያቄዎች አንዱ ነው፣ «የእኔ ሰውዬ ሁለተኛው ዓይኑ የት ሄደ?»

ሣቁ። ከዚያ ከልቤ እንደሆነ ሲያዩ ሣቃቸውን ተዉት፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እንደ ትልቅ ሰው ነገሩኝ። ሰውየው ቅዱስ አይደለም፣ ንጉሥ ነው። ጨረሩ የእግዚአብሔር ብርሃን ሳይሆን ያመልካት የነበረችው ፀሐይ ናት። ክርስቲያኖችን ያሳድድ ነበር፣ መጻሕፍታቸውን ያስቃጥል ነበር። «ግን ምን ችግር አለው፣ ምትኬ፤ ሞቷል እኮ። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው» አሉኝ። እኔን የሚያጽናና መስሏቸው ነው። እኔ ግን እሱን ተሸክሜ ቆርቤአለሁ። እርጉዞቹ ስመውታል።

ሳንቲሙን ከክሩ ፈትቼ ዘረጋሁላቸው። «እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ከዘመዶቹ ጋር።»

«እናትሽስ?»

እጄን አላጠፍሁም። ዓይናቸው ከእኔ ወደ ሳንቲሙ፣ ከሳንቲሙ ወደ ካርቶኑ ሄደ። «ለጊዜው ላስቀምጥልሽ» ብለው ተቀበሉኝ። ባዶዋ ጉድጓድ ውስጥ አስተኙት። ልክክ አለ።

መስከረም እያለቀ ነበር፣ ዝናቡ አቁሞ ትንኙ የበዛበት ወቅት። ከጥቂት ቀን በኋላ አተኮሰኝ። መጀመሪያ በረደኝ፣ ቀጥሎ ነደድሁ፣ ግድግዳው ወደ እኔ ይመጣና ይሄድ ጀመር። ጠዋት ላይ እናቴ ሰውነቴን በእርጥብ ጨርቅ ልታበርድ ቀሚሴን ስትገልጥ ክሩን ባዶውን አገኘችው። የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ማን ወሰደብኝ?» አለች፤ ወሰደብሽ አላለችም፣ ወሰደብኝ ነው ያለችው። ጋሼ ተካ ዘንድ እንዳለ ነገርኋት።

እናቴ እንደ እኔ ዓይን አፋር ናት፤ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ጠዋት ግን ግቢው ሁሉ ወጣ።

«ጋሼ ተካ! ይውጡ! የልጄን ነፍስ በእንቁላል ካርቶን አስቀምጠው እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

በባዶ እግራቸው ወጡ፣ ሳንቲሙን በመዳፋቸው ይዘው። በበራችን ሲገቡና ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ ሆነ። «ወባ ነው፣ እናኑ። ይሄን ተይውና ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ያለ እሱ ከዚህ ቤት አትወጣም! የፊተኞቹንም ታቅፌ ሮጫለሁ፤ ባዶ ነጠላዬን ነው ይዤ የተመለስሁ። እርስዎ የሚያውቁ ሰው አይደሉም? ቅዱስ ነው አላሉኝም?»

ሁላችንም እሳቸውን አየን። እኔ ከትኩሳቱ ውስጥ ሆኜ አፋቸውን እጠብቅ ነበር፤ እውነቱን ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው ናቸዋ። ጋሼ ተካ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እናቴን።

«ቅዱስ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ራሳቸው አሰሩልኝ። ስንት ሞተር የፈታ ጣት ያችን ትንሽ ክር መቋጠር አቃተው፤ ተፈታባቸው፣ እንደገና አሰሩ። ከዚያ አንሥተው አቅፈውኝ፣ ባዶ እግራቸውን እንደሆኑ ወደ አስፋልቱ ሮጡ፣ ባጃጅ አስቆሙ። መንገዱን ሁሉ እናቴ ጸሎት ትደግማለች፤ እሳቸው ጆሮዬ ላይ ተደፍተው «ምትኬ፣ እንዳታደርጊብኝ፣ ምትኬ» ይሉ ነበር። ምን እንዳላደርግባቸው አልገባኝም።

ዳንሁ። እናቴ ቅዱሱ አዳናት አለች፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳትጨርስ እንዳታቋርጥ አለ። እናቴ ለጋሼ ተካ ድፎ ዳቦ ጋግራ ወስዳላቸው ታረቁ፤ እንደ ድሮው ቡና ተጠራሩ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ተካ አንገቴን አይተውት አያውቁም። ቤታቸው ስገባ ዓይናቸው ከፊቴ ላይ ወርዶ አገጬ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ባዶዋም ጉድጓድ ባዶ እንደሆነች ቀረች። እኔም አልጠየቅሁም። የዋሹት እናቴን ነው ወይስ እኔን? በአንዱ ቀን ተሳስተው በሌላው ታርመው ይሆን? ሰማዕታትን ያሳደደ ሰው ከሆነስ እኔን ለምን አተረፈኝ? መድኃኒቱ ነው እላለሁ፣ ደግሞ ሳንቲሙን አውልቄ ለማደር አልደፍርም። ማታ ስጸልይ ወደ ጀርባዬ አዞረዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አዝንለትና እመልሰዋለሁ።

ግቢው ዛሬ የለም። ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሞበታል፤ ሐይቁ ከመንገዱ አይታይም፤ የዘይቱኗ ዛፍ የቆመችበት ቦታ መኪና ያቆሙበታል። ጋሼ ተካ ጡረታ ወጥተው፣ አልማዝ ሥራ ይዛ ስትመለስ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በሠራችው ቤት እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። ማተቤ በተበጠሰ ሳምንት እሑድ በሩን ዘግቼ፣ «መጣሁ»ዬን ለጥፌ በሚኒባስ ሄድሁ። ከአስፋልቱ በኋላ በባጃጅ፣ በግራ የጤፍ ማሳ፣ በቀኝ ያላለቀ ብሎኬት። መንገዱን ሁሉ ጥያቄዬን በልቤ እየደገምሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

አልማዝ አቅፋ ሳመችኝ። «አባዬ ሰው አይለይም፣ አትዘኚበት» አለችኝ በሩ ላይ። ሳንቲሞቹን ጠየቅኋት። ሕመሙ ሲጀምራቸው ለመጣው ሁሉ ሲያድሉ ከርመዋል፤ የተረፈውን ዘመድ ሸጦታል፤ ሜዳዮቹን አንድ ሰው ለሆቴሉ ግድግዳ ማስጌጫ ወስዷቸዋል። ወጥ ቤቷ ውስጥ የእንቁላል ካርቶን አየሁና ልቤ ዘለለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። እንቁላል ነበረበት። ከዚያ ሁሉ ንጉሥና ንግሥት የቀረው፣ የእሳቸው ሆኖ የማያውቀው የእኔው ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ሹራብ ደርበው ተቀምጠዋል። ቅባቱ ከጣቶቻቸው ለቋል፤ እጃቸው የማላውቀው ንጹሕ እጅ ሆኗል። «አባዬ፣ ምትኬ ናት፣ የእናኑ ልጅ» አለቻቸው አልማዝ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚነቀንቁት። በርጩማ ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥሁና ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አልሁ። ድምፄ ወጣ፤ ራሴም ደነገጥሁ።

ገለበጡት። ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ አንጥረኞቹ ዘንድ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወደ በሩ፣ ወደ እግራቸው፣ ወደ መንገዱ አዩ። ሳንቲሙን መልሰው እጄ ላይ አደረጉና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፈው ዘጉበት። ቀና ብለው ፊት ለፊት አዩኝ፣ በሁለቱም ዓይናቸው።

«የእኔ አይደለም» አሉኝ። «የጎረቤት ልጅ ነው፣ የአንዲት ሕፃን። ታማለች። እባክሽ እመቤቴ፣ ሮጠሽ አድርሽላት።»